ስልካችንን ዘግተን የሳቅንበት እሁድ

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ወር አንድ እሁድ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር ኮሜዲ ቲያትር አየሁ። ቲያትሩ ጥሩ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ቀን የለም። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝም ያ ሳቅ ነው።

ጓደኛዬ ሙሉ ትባላለች። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተጋርተን እንኖራለን። ሥራችንም አንድ ነው። ጠባብ ክፍል ተከራይተን የሐበሻ ቀሚስ እየሰራን ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች እናስረክባለን፤ እሷ ጥልፉን፣ እኔ ስፌቱን። ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ውለናል። ተኳርፈን አናውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ኩርፊያችን ከምሳ ሰዓት አያልፍም ነበር።

ሙሉ አላገባችም። እናቷ ሲሞቱ ታናሽ ወንድሟ ደረጀ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፣ እሷ አሥራ ሰባት። ያሳደገችውም ያስተማረችውም እሷ ናት። አድጎ የሴራሚክ ንጣፍ ባለሙያ ሆነ፤ ከከተማዋ ወዲያኛው ጫፍ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ ነበር የሚውለው። ያን የሚያህል ጎረምሳ ማታ ማታ ለእህቱ ሳይደውል አይተኛም። እሷም የሰላሳ ዓመት ሰውዬ "ልብስ ደረብክ? ብርድ እንዳይመታህ" ሳትል ስልኩን አትዘጋም። እኔ በግድግዳው እየሰማሁ እስቅባት ነበር።

ወደ ቲያትሩ ልምጣ። ወደ አዲሱ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ አዳራሽ አለ። ስብሰባም ሰርግም ይደረግበታል፤ አንዳንዴ የሰፈራችን ወጣቶች ቲያትር ያሳዩበታል። መስከረም ላይ ሦስት ተዋናዮች ወደ መሥሪያ ክፍላችን መጡ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። የቲያትሩ ታሪክ አራት ሰዎች አሉት፣ እነሱ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ረጅሙ ልጅ አከራይዋን ሴትዮም፣ ከገጠር የመጣውን አጎትም ሆኖ ይጫወታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አከራይዋና አጎትዬው ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

"ታዲያ አንተ ብቻህን እንዴት ትገናኛለህ?" አልኩት።

"ለሱ አይደል እንዴ ወደናንተ የመጣነው!" አለኝ።

ዘዴውን ያገኘችው ሙሉ ናት። በቀኝ በኩል ጥለት ያለው የሐበሻ ቀሚስ፣ በግራ በኩል ኮትና ጋቢ የሆነ አንድ ልብስ አሰበች። ተዋናዩ በቀኝ ሲዞር ሴትዮዋ ነው፣ በግራ ሲዞር አጎትዬው። ሳምንት ሙሉ ስትሰፋ ስትፈታ ከረመች። ጥልፉን እንኳ ግማሽ አንገት ላይ ብቻ ጠለፈችው። ልጆቹ አይተው ሲጨርሱ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ለመጀመሪያው ቀን ትርኢትም ከፊት ረድፍ ሁለት ወንበር ያዙልን።

ሙሉ በዕድሜዋ ቲያትር ገብታ አታውቅም። ያን ሰሞን ለደረጀ በስልክ የምታወራው ስለዚያ ልብስ ብቻ ነበር። ናና እይልኝ ብላ ለምናውም ነበር፤ እሱ ግን ሕንፃውን ለማስረከብ ስለተጣደፉ እሁድም እንደሚሠሩ ነገራት።

እሁድ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን ስመን ተመለስን። ስድስት ሰዓት ገደማ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጸጉሬን ሳበጥር ስልኬ ጠራ። የደወለው ግርማ ነው፤ የሙሉ የአጎት ልጅ፣ ከደረጀ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ የሚሠራ። ከዚያን ቀን በፊት ለእኔ ደውሎ አያውቅም።

"ጽጌ፣ ሙሉ አጠገብሽ አለች?"

"ቤቷ ናት። ምነው?"

"እስቲ ራቅ በይ።"

ወደ ግቢው በር ሄድኩ። 

"ደረጀ ከመወጣጫው ላይ ወድቆ ተጎድቷል። ሆስፒታል ነን። በስልክ እንዳትሰማ፣ ግፊት አለባት። ቀስ አድርገሽ አዘጋጂያት። ሐኪሞቹ እየጠሩኝ ነው፣ መልሼ እደውልልሻለሁ።"

ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከኋላው አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማኛል። ከዚያ ዘጋው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ እኔ የተረዳሁትን የተረዳችሁ ይመስለኛል። በእኛ አገር ሰው ሞተ ተብሎ በስልክ አይነገርም። "ትንሽ አሞታል" ነው የሚባለው። የሚደወለውም ለባለሐዘኑ ሳይሆን ለጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ዘመድ ያሰባስባል፣ ንጋት ላይ በር ይንኳኳል፣ መርዶው ይነገራል። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔንም "ደከም ብሎታል፣ ነይ እይው" ብለው ነው ከሥራ የጠሩኝ። ስደርስ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ስለዚህ ግርማ "ተጎድቷል" ሲለኝ ደረጀ ሞቷል ብዬ ተቀበልኩ። ለመጠራጠር እንኳ አልሞከርኩም።

መልሼ ደወልኩለት፣ አያነሳም። ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ጋሽ ወልዴ ቤት ሮጥኩ።

ጋሽ ወልዴ የእድራችን ዳኛ ናቸው። በሰፈራችን መርዶ የሚነገረው በእሳቸው አንደበት ነው። የሰማሁትን ነገርኳቸው።

"ለማን ነው የደወለው? ለእሷ ነው ላንቺ?" አሉኝ።

"ለእኔ።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ። "አልቋል ልጄ። ቆስሎ ቢሆን ለእህቱ ነበር የሚደወለው።"

"ጋሽዬ፣ ሆስፒታል ነን ነው እኮ ያለኝ።"

"ታዲያ ምን ሊልሽ ኖሯል? ሞተ ይበልሽ?"

ይህን ሲሉ ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ግን ወዲያው ሥራ ገቡ። ዘመዶቿን ማን እንደሚያሰባስብ፣ ድንኳኑን ማን እንደሚያወጣ አሰቡ። ሰኞ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነገራት ብለው ቆረጡ።

"እስከዚያ ስልክ አታስነኪያት። ያ ፌስቡክ የምትሉት ነገር ቀድሞ እንዳያረዳት" አሉኝ።

ቲያትር ልንሄድ እንደነበርና አሞኛል ብዬ ልቀር እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ።

"ቲያትር ቤት ስልክ ይዘጋል አይደል?"

"ይዘጋል።"

"እንግዲያው ሂዱ።"

"ጋሽዬ፣ ወንድሟ ሞቶ?"

"ከነገ በኋላ መቼ ልትስቅ ነው? የቀራትን ሰዓት አትንጠቂያት" አሉኝ።

ክፉ ሰው አይደሉም። ያን ሲሉኝ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እኔም ትክክል መሰለኝ፣ እንዲያውም ደግነት መሰለኝ።

ቤት ስመለስ ሙሉ ለብሳ ትጠብቀኛለች። ለበዓል ብቻ የምታወጣውን ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

"በዛብኝ እንዴ? ሰው ሙሽራ ናት እንዳይለኝ" አለች።

"አምሮብሻል" አልኳት።

"ዓይንሽ ምን ሆኗል?"

"ጸሐይ መታኝ መሰለኝ።"

አመነችኝ። ሙሉ እንደዚያ ናት፤ እኔ የምላትን አታጣራም ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ወንበር ያጡ ወጣቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንዱ ልጅ ወጥቶ ስልክ እንድንዘጋ ለመነን። ይህን ነበር የምጠብቀው።

"ስልክሽን አምጪ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ልያዝልሽ" አልኳት።

"ደረጀ ከደወለስ?"

"ሲያልቅ ትደውዪለታለሽ።"

እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት ዛሬ ድረስ አላውቅም። ስልኳን ዘጋሁት። ከዚያ የራሴንም ዘጋሁ። ግርማ ስለ ቀብሩ ሊነግረኝ ቢደውል ፊቴ ያጋልጠኛል ብዬ ነው። ጥፋቴ ከግርማ ስልክ ጀምሮ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን የምቆጥረው ከዚህች ደቂቃ ነው።

ቲያትሩ ተጀመረ። ባልና ሚስት አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አከራይዋ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነው ብላለች። የባልየው አጎት "ለሦስት ቀን ነው" ብሎ ከገጠር ይመጣና ሁለት ወር ይቀመጣል፤ ያውም ከነበጉ። አከራይዋ በመጣች ቁጥር አጎትዬውን አልጋ ሥር ይደብቁታል። ረጅሙ ልጅ አጎት ሆኖ አልጋ ሥር ይገባና በጓሮ ሾልኮ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ አከራይ ሆኖ በበሩ ይመጣል፤ እያለከለከ።

"እትዬ፣ ምነው ደከመዎት?" ትላለች ሚስትየዋ።

"ደረጃው ነው ልጄ፣ ደረጃው!"

"ቤቱ ደረጃ የለውም እኮ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሙሉ ጭኔን በጥፊ ትመታኛለች። እኔ ጥርሴን አሳይ ነበር እንጂ አልስቅም። በልቤ ደረጀን እያሰብኩ ነበር። የት ነው ያስቀመጡት? ፊቱስ ተጎድቶ ይሆን? ነገ ስታየው ምን ትሆናለች? ከጎኔ የምትንከተከተውን ሴት እመለከት ነበር፣ ነገ በዚህ ሰዓት መሬት ለመሬት ስትንከባለል እየታየኝ።

ከዚያ ግን በጉ መጣ። እውነተኛ በግ አይደለም፤ ባልየው ራሱ ነው ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ እንደ በግ የሚጮኸው። አከራይዋ "ይሄ ምንድን ነው?" ስትል ሚስትየዋ "ባለቤቴ ነው፣ ጉንፋን ይዞት ነው" አለች። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። አንዴ ካመለጠኝ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ሰው በሐዘን ውስጥ ሳቅ ከመጣበት እንደ ትን ነው፣ አይመለስም። ሙሉ እኔ ስስቅ አይታ ባሰባት።

መጨረሻ ላይ የሙሉ ልብስ ወጣ። ረጅሙ ልጅ በጎን እየሄደ ገባና በቀኝ ዞሮ አከራይ፣ በግራ ዞሮ አጎት ሆነ። ተሰዳደቡ። ከዚያ ተስማሙ። ከዚያ አጎትዬው አከራይዋን አግቢኝ ብሎ ጠየቃት። ግራ እጁ ቀኝ እጁን ይይዛል፣ ቀኝ እጁ ግራ ጉንጩን በጥፊ ይላል። ከኋላችን ያሉ አንድ ሽማግሌ "በቃ በቃ፣ ልሞት ነው!" እያሉ ይጮኻሉ። ሙሉ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። "የኔ ነው! ግማሽ አንገቱን እዪው፣ የኔ ጥልፍ ነው!" ትላለች።

ሲያልቅ ልጆቹ እጅ ነሱ። ረጅሙ ልጅ ጭብጨባውን አስቆመና "ይህን ልብስ የሠራችው የሰፈራችን ልጅ እዚህ አለች፣ ሙሉ ተነሺ!" አለ። ሙሉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጎትቼ አስነሳኋት። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አጨበጨበላት። ለእሷ በሕይወቷ ማንም አጨብጭቦላት አያውቅም። ያኔ ለቅሶዬን መያዝ አቃተኝ።

"አንቺ! ምን ሆነሻል?"

"ከሳቅ ነው" አልኳት።

ስንወጣ አሥር ተኩል አልፏል። ውጪው ነፋስ ነበር። ሙሉ ገና እየሳቀች እጇን ዘረጋችልኝ።

"ስልኬን አምጪ። ለደረጀ አሁኑኑ ካልነገርኩት ይፈነዳል ሆዴ።"

"ባትሪው አልቋል።"

"ያንቺን ስጪኛ።"

"የኔም።"

"ምን ዓይነት ስልኮች ናቸው ባካችሁ!" አለችና ትንሽ ወረድ ብለን ከመንገድ ዳር ቆሎ ለመግዛት ቆመች። እኔ ጥቂት እልፍ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ስለ ቀብሩ ማወቅ ነበረብኝ።

መልእክቶቹ ተከታትለው ገቡ። ሁሉም ከግርማ ነው። የመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ የተላከ ነው።

"ጽጌ፣ ገና ከሐኪሞቹ መላቀቄ ነው፤ ስልክሽን ክፈቺ። የሙሉም ዝግ ነው።"

ቀጥሎ፦ "ደረጀ ሙሉን ጥሩልኝ እያለ ነው።"

ቀጥሎ፦ "ኦፕራሲዮን ሊገባ ነው። ሙሉ ሳትመጣ አልገባም ብሏል። ቶሎ ይዘሻት ነይ።"

የመጨረሻው አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። "ገባ" ይላል፣ ሌላ የለውም።

"እያለ ነው" የሚለውን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። የሞተ ሰው እህቴን ጥሩልኝ አይልም።  ሙሉ ቆሎውን በወረቀት ይዛ ወደ እኔ እየመጣች ነበር።

ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። እዚያው መንገድ ዳር ነገርኳት።

"ሙሉ፣ ደረጀ ሥራ ቦታ ወድቆ ተጎድቷል። ሆስፒታል ነው። በሕይወት አለ። አሁኑኑ እንሂድ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቆሎው ከእጇ ወደቀ።

"ሞቷል።"

"አልሞተም ሙሉ። አለ።"

"ሞቷል በይኝ! አትዋሺኝ! ደርዬ ሞቷል!" ብላ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። ጩኸቷ ሰው ሰበሰበ። እኔ በመድኃኔዓለም፣ በእናቴ አጥንት እየማልኩ አለ እላታለሁ፤ እሷ አታምነኝም። እንዴትስ ታምነኝ? ሞቶም ቢሆን የምላት ያንኑ ነው። እውነቱን ስነግራት የምትለይበት ምንም ምልክት አልነበራትም።

ስልኩን አሳየኋት። ግርማ የጻፈውን አንድ በአንድ አነበበች። ሰዓቱንም አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"ይሄ እኮ ቆይቷል" አለች። "የት ነበርሽ?"

"አብረን ነበርን" አልኳት።

ግርማ የሆስፒታሉንም ስም ጽፎልኝ ነበር፤ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ነገሩ ገብቶት እየበረረ ነበር፣ ግን እሁድም ቢሆን መንገዱ አያልቅም። ታክሲው ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት። ግርማ መደወሉን፣ ጋሽ ወልዴን፣ የነገውን መርዶ።  ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"ሞቷል ብለሽ ነው አጠገቤ ተቀምጠሽ ስትስቂ የነበርሽው?"

  አለ ብዬ ከሆነ ወንድሟን ከልክያታለሁ፣ ሞቷል ብዬ ከሆነ ደግሞ ወንድሟ ሞቶ ስቄያለሁ። በየትኛውም በኩል መውጫ አላገኘሁለትም።

ሆስፒታል ስንደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆኗል። ደረጀ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ ነበር፣ ግን አልነቃም። አፉ ውስጥ ቱቦ፣ ጭንቅላቱ ላይ ፋሻ። ሙሉ እጁን ይዛ "ደርዬ፣ መጣሁ፣ መጣሁ" ትለዋለች።

ግርማ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። የእኔን ዓይን ማየት አልፈለገም።

"እስከ አሥር ሰዓት ድረስ እንደኛ ያወራ ነበር" አለኝ። "ሙሉ ሳትመጣ አልገባም ብሎ ሐኪሞቹን አስቸገረ። አንድ ነገር ልነግራት ነው ይለኛል። ለኔ ንገረኝ ስለው ለራሷ ነው አለኝ። በልመና ነው ያስገቡት።"

"የሞተ መስሎኝ ነው" አልኩት።

"ሞቷል አልኩሽ እንዴ?"

"አላልከኝም።"

"ታዲያ?"

እሱም ያለቅሳል እኔም አለቅሳለሁ። በስልክ ከኋላው ስታለቅስ የሰማኋት ሴት የሌላ ታማሚ እናት እንደነበረች ያኔ ነው ያወቅኩት።

ወደ ምሽት ጋሽ ወልዴ መጡ። ሰፈር ውስጥ ለመርዶ የተጠሩትን ዘመዶች በትነው ነው የመጡት።  ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። "ይሄን ያህል ዘመን መርዶ ስናገር በሕይወት ያለ ሰው ቀብሬ አላውቅም ነበር" አሉኝ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፣ ለረጅም ጊዜም አልተነሱም።

ደረጀ አልነቃም። ረቡዕ ጠዋት አረፈ። መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም፣ ሙሉ እጁን እንደያዘች ነው የሞተው። ሦስት ቀን አጠገቡ ሆና አወራችው። እሱ ግን አንዲት ቃል አልመለሰላትም።

ለቅሶው ላይ ሙሉ አጠገብ አልተቀመጥኩም። ጓዳ ገብቼ ሳህን ሳጥብ ከረምኩ። ሦስቱ ተዋናዮችም መጥተው አንገታቸውን ደፍተው ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። ረጅሙ ልጅ ቲያትሩን እናቁም ወይ ብሎ በሰው አስጠየቃት። "ልጆቹ ምን አጠፉ? ይሥሩ" አለች።

አርባው ካለፈ በኋላ የንስሐ አባቷ ባሉበት ይቅርታ ጠየቅኳት። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። "ይቅር ብዬሻለሁ፣ ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ" አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፣ እኔ አውቃታለሁ። ትንሽ ቆይታ ግን እንዲህ አለች፦

"የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ምን ሊነግረኝ እንደነበር። ምናልባት ተራ ነገር ይሆናል። ግን የኔ ነበር።"

ስለዚህ ነገር ከብዙ ሰው ጋር ተከራክሬያለሁ። አንዳንዱ ልማድ ነው፣ ምን ታደርጊ ነበር ይለኛል። ሰውን በድንጋጤ እንዳንገድለው ብለን ነው የምንደብቀው ይለኛል። ልክ ነው፣ ለዚያ ነው። እኔ ግን አሁን የማንም ሰው ዘመድ ታመመ ተብሎ ከተደወለልኝ "አለ ወይስ ሞቷል? ቁርጡን ንገሩኝ" እላለሁ። ቀስ ብለሽ ጠይቂ እንጂ ይሉኛል። ሰፈር ውስጥ "የጽጌ አፍ ሟርተኛ ነው" ተብያለሁ። ይበሉ።

ከሙሉ ጋር ዛሬም አብረን እንሠራለን። አብረን ምሳ እንበላለን፣ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን። የማያውቀን ሰው ቢያየን ምንም እንዳልተፈጠረ ነው። ስልኬ ሲጠራ ብቻ መርፌዋ ይቆማል። ማነው ብላ አትጠይቀኝም፤ ቀና ብላ ፊቴን ታያለች። እኔም ጮክ ብዬ "ነጋዴው ነው፣ ስለ ቀሚሱ ነው" እላለሁ። እንድትሰማ ብዬ ድምፁን ከፍቼ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ።

ነጋዴው በራሱ አፍ ስለ ቀሚሱ እያወራ፣ እሷ ግን እኔን ነው የምታየው። ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ መርፌዋን አታንቀሳቅስም። ይቅር ብላኛለች፣ አታምነኝም። አልፈርድባትም።